ስለ ጎልማሳ ልጅና ስለ አባት ሸክም

ምስጋና ለአላህ ይገባው። በጅጅጋ ገበያ ሱቅ ያለህ፣ ወይም በቶጎ ውጫሌ በኩል ዕቃ የምታስመጣ ወንድሜ ሆይ! የዕቃህን ገቢና ወጪ ጽፈህ ትይዛለህ። ነገር ግን በመዝገብህ ያልጻፍከው አንድ ወጪ አለ፤ ይኸውም ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጅህ ከአወዳይ በመጣ ጫት ያጠፋው፣ በስምህም ተበድሮ የበላው ነው። አበዳሪው ከሱቅህ ደጅ ሲቆም ስለ ክብርህ ብለህ ትከፍላለህ። እምቢ ባልክ ቀን ደግሞ ልጁ «እንግዲያውስ በታህሪብ እወጣለሁ» ይልሃል። በረሃውን፣ ባሕሩን፣ ልጅ ይዞ ማስለቀቂያ የሚጠይቀውን መጋፌ አስበህ ትደነግጣለህ። ፍርሃትህም ከንቱ አይደለም፤ በ2007 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከሊቢያ የተነሣች አንዲት መርከብ ሰጥማ ከ800 የሚበልጡ ሰዎች ሲያልቁ የአገራችን ልጆችም ነበሩባት። ስለዚህ እንደ ገና ትከፍላለህ።

ይህ ክፍያ ግዴታ ነውን?

በምንከተለው በሻፊዒ መዝሀብ አባት ልጁን የመቀለብ ግዴታ ያለበት፣ ልጁ ሕፃን ወይም ከሕመም የተነሣ ሠርቶ መብላት የማይችል ድኻ ሲሆን ነው። ጤነኛ ለሆነና መሥራት ለሚችል ጎልማሳ ግዴታ የለበትም። ዕዳውንም ዋስ ካልሆንክለት በቀር አበዳሪው ከአንተ ሊጠይቅ አይገባውም። በሶማሌ ሔር ልጅህ ነፍስ ቢያጠፋ የደም ካሣው ለጎሣው ይደርሳል፣ አንተም ድርሻህን ታወጣለህ፤ የጫት ዕዳ ግን የደም ካሣ አይደለም። ይህን መናገሬ ሁለቱን የሚያቀላቅሉ ሽማግሎች ስላሉ ነው። በመጋፌ እጅ የወደቀ ልጅ ደግሞ ለራሱ ምንም የማይችል እስረኛ ነውና የእርሱ ነገር ሌላ ነው።

የልብ ነገር ግን በፍርድ ብቻ አያልቅም። የነቢዩ ኑሕን ዐለይሂ ሰላም ታሪክ አስብ። ልጁን ጠራው፤ ልጁም በተራራ ተማመነ፤ ማዕበልም በመካከላቸው ገባ። ኑሕ አልረገመውም፣ ስለ እርሱ ወደ ጌታው ለመነ እንጂ። ነገር ግን ተከትሎት ወደ ውሃው አልዘለለም። በመርከቢቱ ውስጥ ሌሎች ነበሩና። ያንተም ሱቅ እንዲሁ ነው፤ የታናናሾቹ ትምህርት፣ የእናታቸው ቀለብ፣ የሸሪክህ ገንዘብ ተጭኖበታል። ማዘንህን ተው አላልኩህም። ነቢዩ ያዕቆብ ስለ ዩሱፍ አዝኖ ዓይኑ እስኪነጣ ደርሶ የለምን?

እንግዲህ አበዳሪዎቹን ልጁ ባለበት ጥራና ከዛሬ ጀምሮ በስሜ የተወሰደውን አልከፍልም በላቸው። እናቱም ከአንተ ጋር ትስማማ፤ እርሷ ወርቋን በስውር ሸጣ የምትሰጠው ከሆነ ቃልህ ቀን አያድርም። ቤት ሲመጣ ምሳውን ይብላ፣ ከወንድሞቹም ጋር ይስገድ፤ ስለ ገንዘብ ግን ነገር አይነሣ። ታህሪብ ብሎ ቢያስፈራራህ የመንገዱን ነገር ሳትሸሽግ ንገረው፤ ከዚያ በኋላ መሄድና መቅረቱ የእርሱ ነው። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስድህ አውቃለሁ። ተነሥተህ ሁለት ረክዓ ስገድ፤ ስሙንም ጠርተህ ለምንለት።