በባዕድ አገር ለእንስሳ ስለ መራራት

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር ሲኖር፣ የዚያን አገር አህያና ፈረስ፣ ውሻና ድመት ከሥቃይ ለማዳን ጊዜውንና ጉልበቱን ያለ ደመወዝ ቢሰጥ ሥራው የተመሰገነ ነውን? ወይስ የሰው ልጅ በተቸገረበት ዓለም ለእንስሳ መድከም የደላው ሰው ጨዋታ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለመረመረው ሰው ርኅራኄ ምን እንደ ሆነች የሚያስተምር ነው።

እኔ ከመምህርነት ሥራዬ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ በካይሮ ከተማ የስደተኞችን ልጆች እያስተማርሁ ጥቂት ዓመታት ኖሬአለሁ። ትምህርት በማይኖርበት በዓርብ ቀን ደግሞ የድሆች የጋማ ከብት በነጻ ወደሚታከምበት አንድ ስፍራ እየሄድሁ እረዳ ነበር። ሐኪም ስላይደለሁ ሥራዬ ውሃ መቅዳት፣ በረት መጥረግ፣ ቁስል ሲታጠብ የአህያይቱን ራስ መያዝ ነበር። አንድ ወጣት የአገሬ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ፤ «ጋሼ፤ ወገንዎ በዚሁ ከተማ ጦሙን ሲያድር እርስዎ የሰው አገር አህያ ያጥባሉ?» አለኝ።

ይህ ነቀፋ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ጊዜና ገንዘብ እንደ እንስራ ውሃ ናቸው፤ ለአንዱ የተቀዳው ለሌላው ይጎድላል። ስለዚህ የተራበ ሕፃን በደጁ ቆሞ ሳለ ውሻውን ሥጋ የሚያጎርስ ሰው ርኅሩኅ ሊባል አይገባውም። ርኅራኄ ግን እንስራ አይደለችም፤ በሥራ የምትበረታ የልብ ልማድ ናት። የአህያን ሥቃይ አይቶ ማለፍን ዓይኑን ያስለመደ ሰው፣ ነገ የጎረቤቱን ሥቃይ አይቶ ለማለፍ ብዙ አይቸገርም። እኔም ለወጣቱ፤ «ስድስቱን ቀን ከማን ጋር እንደምውል ታውቃለህ፤ ሰባተኛው ቀን ስድስቱን አልሰረቀብኝም» ብዬ መለስሁለት።

ይሁን እንጂ ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። እንግዳ የሆነ ሰው ለእንስሳው እየራራ የእንስሳውን ባለቤት ቢንቅ፣ ይህ ርኅራኄ ነውን?

ይህን ለመረዳት የወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክን ታሪክ እንመልከት፤ ዘመኑንም በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲፈጸም፣ የእንግሊዝ መንግሥት በግብፅ የነበሩትን ወደ 20,000 የሚጠጉ የጦር ፈረሶች ወደ አገራቸው ከመመለስ ይልቅ እዚያው ሸጣቸው። ወይዘሮ ብሩክ ባለቤታቸው የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ሆነው በግብፅ ሲሾሙ በ1930 ካይሮ ደረሱ። ከጦርነቱ የተረፉትን ፈረሶች በየመንገዱ ቢፈልጉ አርጅተው፣ አጥንታቸው ወጥቶ፣ ጋሪና ድንጋይ ሲጎትቱ አገኟቸው። በ1931 ሞርኒንግ ፖስት ለሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ፤ አንባቢዎቹም ገንዘብ ላኩላቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 የሚሆኑ ፈረሶች ገዙ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ፈረሶቹን ለዚያ ኑሮ የዳረጋቸው የገዛ አገራቸው መንግሥት እንጂ የግብፅ ድሀ ብቻ አልነበረም። ስለ ሆነም ሥራቸው ዕዳን እንደ መክፈል ነው እንጂ በሰው ላይ እንደ መፍረድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ፈረሶቹን ከድሆች እጅ በገንዘብ ገዙ እንጂ በግድ አልነጠቁም። ሦስተኛ፣ ከተገዙት ፈረሶች አብዛኞቹ ሊድኑ የማይችሉ ስለ ነበሩ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ተደረገ። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። ርኅራኄ ሁልጊዜ የራሩትን ሰው ደስ የምታሰኝ አይደለችም።

ነገር ግን አንድ ፈረስ ቢገዛ የሚድነው አንድ ፈረስ ነው፤ የሸጠውም ሰው እንጀራው በጋማ ከብት ላይ ነውና ሌላ ገዝቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንግዲህ ዘላቂው መንገድ እንስሳውን ከባለቤቱ መለየት ሳይሆን ሁለቱን አብሮ መርዳት ነው። ወይዘሮ ብሩክም በ1934 የድሆች ፈረስና አህያ በነጻ የሚታከምበትን የአሮጌ የጦር ፈረሶች መታሰቢያ ሆስፒታል በካይሮ አቋቋሙ። እርሳቸው በ1955 በዚያው ከተማ ሲያርፉ፣ ያቆሙት ድርጅት ግን ከእርሳቸው በኋላ በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር ሠርቷል።

እኔ በምረዳበትም ስፍራ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጡብ የሚያመላልስ ሰው ትከሻዋ የተላጠና ጀርባዋ የገጠበ አህያ ይዞ መጣ። ከአውሮፓ የመጣች አንዲት ወጣት ረዳት ቁስሉን ባየች ጊዜ ደሟ ፈልቶ ሰውዬውን፤ «አውሬ ነህ!» ብላ ጮኸችበት። እርሱም አንድ ቃል ሳይመልስ አህያውን ጎትቶ ወጣ፤ ቁስሉም ሳይታጠብ አብሮት ሄደ። አንድ ሽማግሌ ግብፃዊ ሠራተኛ እስከ መንገዱ ድረስ ተከትሎት ስለ ልጆቹ ጤና ጠየቀው፤ ሻይ ጋብዞም መለሰው። ቁስሉ ታጠበ፤ ሽማግሌውም ከአሮጌ ብርድ ልብስ መደላድል ሰፋለት። ሐኪሙ «ሁለት ሳምንት አሳርፋት» ባለው ጊዜ ግን ሰውዬው፤ «የሁለት ሳምንት ዳቦ ማን ይሰጠኛል?» አለ። ለዚህ ጥያቄ ከእኛ መካከል መልስ ያለው አልነበረም፤ ጭነቱን በግማሽ ለመቀነስ ግን ቃል ገባ።

የወጣቲቱ ኀዘን እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ቁጣዋ አህያይቱን አልጠቀመም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። እንግዳ ሰው ገና ቋንቋውን ሳይማር፣ የሰውየውን የቀን ገቢና የልጆቹን ቁጥር ሳይጠይቅ የፍርድ ወንበር የፈለገ እንደ ሆነ ከዚህ ተረት አያመልጥም። የኦሪት ሕግ እንኳ የጠላትህን አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታገኘው ከባለቤቱ ጋር ሆነህ አንሣው ብሎ ሲያዝ፣ «አህያውን ንጠቅ» አላለም።

«ባለቤት የሌለው የመንገድ ውሻስ?» የሚል ቢኖር፣ ለእርሱም ጎረቤት አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው፤ ስለዚህ ልጇ እንዳይነከስባት ውሻውን በድንጋይ የምታባርር እናት ጨካኝ አይደለችም። ውሻውን ማስከተብ ውሻውንም ሕፃኑንም ይጠብቃል። ለዚህም ደግሞ ከመንደሩ ሰዎች ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሰው አገር ትሄዱ ይሆናል። እዚያም የእንስሳ ሥቃይ ባያችሁ ጊዜ «አገሬ አይደለም» ብላችሁ አትለፉ፤ ሥቃይ የአገር ድንበር የለውምና። እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ግን ለባለቤቱ ሰላምታ ስጡ፤ ስሙንም ጠይቁ። መጥረጊያውንና ባልዲውን ያዙ፤ ምክርን ግን እስክትጠየቁ አቆዩ። ወደ አገራችሁ በተመለሳችሁም ጊዜ፣ እህል ተጭና በመንገዳችን የምታልፈውን ገጣባ አህያና ከኋላዋ በባዶ እግሩ የሚከተላትን ሰው በአንድ ዓይን ለማየት ሞክሩ።