በሽታን መዝፈንና በሽታን መግለጥ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ዘወትር የሚነገረው ችግሩን በሆዱ ይዞ ለሚብሰለሰል ሰው ሲሆን፣ ብዙዎች አባባሉን ገልብጠው «የገለጠ ይድናል» እንደ ማለት ይወስዱታል። ቃሉ ግን የደበቀው እንደማያገኝ ይናገራል እንጂ የገለጠው ስለማግኘቱ ዋስ አይሆንም፤ «አይገኝለትም» የሚለው ግስም መድኃኒቱን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ሳይጠቅስ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1983 በለንደን ተወልዳ በ27 ዓመቷ የሞተችው ኤሚ ዋይንሀውስ ይህን ክፍተት አጉልታ ታሳያለች። ድምፃዊቷ የተካነችው በሶል ነበር፤ ሶል ከጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙርና ከብሉዝ እንጉርጉሮ የተወለደ ሙዚቃ ነው። ወፍራም ድምፅዋ ከምቱ ጥቂት ወደ ኋላ ቀረት ይልና፣ አድማጩ ቃሉ አመለጣት ብሎ ሲሰጋ ቦታው ላይ ዱብ ይላል፤ ከጃዝ የቀሰመችው ይህ ስልት ለመናገር የሚያመነታ ሰው ትንፋሽ ያህል ይቀርባል። በ2006 በወጣው «ባክ ቱ ብላክ» አልበሟ የፍቅር ክህደትንና መጠጥን፣ ማገገሚያ ማዕከል አልገባም ማለቷን ሳይቀር ዘፈነች፤ ይኸው የእምቢታ ዘፈን በ2008 ካገኘቻቸው 5 የግራሚ ሽልማቶች 3ቱን አስገኘላት። በሽታው አደባባይ ወጣ፣ አደባባዩ ግን ጨፈረበት።

ሐኪምም አልጠፋም። ሐኪሟ እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2011 ምሽት ቤቷ ድረስ ሄዳ አይታታለች፤ በማግስቱ ግን ሞታ ተገኘች። በምርመራ በ100 ሚሊ ሊትር ደሟ ውስጥ 416 ሚሊ ግራም አልኮል የተገኘ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ለአሽከርካሪ የሚፈቀደው 80 ብቻ ነው።

ታዲያ አባባሉ ተሸነፈ ማለት ነውን? አይመስልም። በ2013 ወንድሟ እንደተናገረው ሰውነቷን አስቀድሞ ያዳከመው ቡሊሚያ፣ ማለትም የበሉትን ሆን ብሎ የማስመለስ ሕመም ነበር፤ ዝናዋን ያመጡት ዘፈኖች ደግሞ ስለዚህ አያወሱም። ጮኾ የተዘፈነው በሽታ ዝም ላለው መደበቂያ ሆነው ማለት ነው፤ ይህም ከመደበቅ ዓይነቶች ሁሉ ለመጠርጠር የሚያስቸግረው ነው።

ሊመክራት የሚችል ሰውም አልጠፋም፤ ከመሞቷ አራት ወር በፊት በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ከቶኒ ቤኔት ጋር ስትቀረጽ በፍርሃት ትርበተበት ነበር፤ አረጋዊው ዘፋኝ የምትወዳትን ድምፃዊት ዳይና ዋሽንግተንን ሲያነሳላት ግን ፊቷ በራ። ቤኔት ራሱ በ1970ዎቹ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የታገለ ሰው ነበር። በ2015 በወጣው «ኤሚ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ቀስ እንድትል ሊመክራት ይችል የነበረውን ቃል ሲናገር የሚሰማው እርሷ ከሞተች በኋላ ነው።