የታሪክ እኩሌታ እውነት ይባላልን?

ሐሰት ማለት ያልተደረገውን ተደረገ ብሎ መናገር ብቻ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያስባል። ነገር ግን የተደረገውን ከእኩሌታው ላይ ቈርጦ ዝም ማለትስ ምን ይባላል? ይህን ለመመርመር አንድ የእንግሊዝ ልብ ወለድ መጽሐፍና ከእርሱ የወጣ አንድ ሲኒማ ይረዳሉ።

ኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የተባለውን መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1847 ዓ.ም. በብዕር ስም አሳተመች፤ በሚከተለውም ዓመት በ30 ዓመቷ ዐረፈች። ነገሩም እንዲህ ነው። ሂዝክሊፍ የተባለ ከመንገድ የተገኘ ልጅ ከአሳዳጊው ልጅ ከካትሪን ጋር ይፋቀራል። አሳዳጊው በሞተ ጊዜ ወንድሟ ሂንድሊ ልጁን ከትምህርት ከልክሎ እንደ ሎሌ አዋረደው። እርሷም ልቧ ከእርሱ ጋር ሳለ ባለጠጋውን ኤድጋር ሊንተንን አገባች። ሂዝክሊፍም ጠፍቶ ከሄደ በኋላ ባለሀብት ሆኖ ለበቀል ተመለሰ። ካትሪን ሴት ልጅ ወልዳ ሞተች።

በ1939 ዓ.ም. ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው ሲኒማ ግን ልጅ መውለዷን አያነሣም። ሂዝክሊፍ በበረዶ ውስጥ ከሞተ በኋላ የሁለቱ መንፈስ ጎን ለጎን ሲሄድ አሳይቶ ይፈጽማል። ዋይለር ራሱ ይህን ፍጻሜ አልወደደውም ነበር፤ ያሠራው ሳሙኤል ጎልድዊን ግን በሌሎች ሰዎች አስነሥቶ ጨመረው። በመጽሐፉ ይህ የመንፈስ ነገር የአገር ሰው ወሬ ብቻ ነው።

የመጽሐፉ እኩሌታ ከካትሪን ሞት በኋላ ይቀራል። ሂዝክሊፍ የተበደለውን በደል በሂንድሊ ልጅ በሄርተን ላይ መልሶ፣ ፊደል ሳይቈጥር አሳደገው። የሟቿን ልጅም ለታማሚ ልጁ በግድ አጋባት። ባሏ ከሞተ በኋላ ይህች ወጣት በሄርተን አለማወቅ ትስቅበት ነበር፤ ኋላ ግን ተጸጽታ ማንበብ አስተማረችው። ሂዝክሊፍም ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ላይ ባያቸው ጊዜ የበቀል ፈቃዱ ከልቡ ጠፋ።

የሲኒማው ወዳጅ፣ «ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሁሉን ማሳየት አይቻልም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ማሳጠርም ነውር አይደለም። ዳሩ ግን ፍርድን የሚለውጥ ቍርጠት ማሳጠር አይባልም። ስምንት ቤት ያለው መወድስ በአራተኛው ቤት ቢቋረጥ አጭር መወድስ አይሆንም፤ መወድስነቱን ያጣል እንጂ። ሲኒማው ያሳየው ሁሉ በመጠኑ ከመጽሐፉ የተገኘ ነው፤ ነገር ግን ዕዳውን የከፈሉትን ልጆች ስለ ሰወረ፣ ጥፋቱ ውበት መስሎ ታየ። ጥላቻውንም ያበረደው ሞት ሳይሆን የአንዲት ወጣት ጸጸትና ትዕግሥት እንደ ነበረ ተመልካቹ ሳያውቅ ይወጣል።

እንግዲህ ፍቅሩ እንዴት እንደ ነደደ ለማየት የሚወድ ሲኒማውን ይመልከት፤ እሳቱ ማንን እንዳቃጠለና በምን እንደ ጠፋ የሚጠይቅ ግን መጽሐፉን እስከ ፍጻሜው ያንብብ።