የመንገደኛ ዕዳ በጸጥተኛ ከተማ

ሰው ከሚኖርበት ሁካታ ለጥቂት ቀናት ርቆ ጸጥ ወዳለ ስፍራ ለመሄድ መመኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። ነቢያት ወደ ምድረ በዳ፣ መነኮሳት ወደ ገዳም፣ ሊቃውንት ወደ ተራራ የሄዱት ይህንኑ ፍለጋ ነበር። በዘመናችን ግን መጓጓዣው ስለ ቀለለ ምኞቱ የጥቂቶች መሆኑ ቀርቶ የብዙዎች ሆኗል። ከዚህም የተነሣ ቀደም ሲል ጎልቶ ያልታየ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ብቅ ብሏል። ጸጥታን ፈልጎ በባዕድ አገር ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ የሚሄድ መንገደኛ፣ በመሄዱ ብቻ ያንኑ ጸጥታ የሚቀንስ ከሆነ፣ የመጎብኘት መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ለሚጎበኛቸው ሰዎችስ ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄው ለአንዳንዶች ከንቱ ሊመስላቸው ይችላል። የሰው ንብረት ያልነካ፣ የሚጠየቀውን ሁሉ የከፈለ፣ አይቶ ብቻ የሚመለስ ሰው ምን በደል አለበት? ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ በእጅ ሳይነኩ የሚወሰዱ ነገሮች አሉ። የሰው ሰላም፣ የቤቱ ምሥጢር፣ የጸሎቱ ሰዓት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ስለሆነም ጉዳዩን በደፈናው ከመመርመር ይልቅ በአንዲት እውነተኛ ከተማ ታሪክ መመልከቱ የተሻለ ነው።

የምትሞተው ከተማ

ከሮማ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በላዚዮ ክልል በቪተርቦ አውራጃ፣ ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ2,500 ዓመታት በፊት ገደማ እንደ ቆረቆሯት የሚነገርላቸው ኤትሩስካውያን የተባሉት የጥንት ሕዝብ ናቸው። ከተማይቱ የቆመችው ከእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተጠራቀመ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ነው፤ የድንጋዩ መሠረት ደግሞ የሸክላ አፈር ነው። ዝናብ፣ ነፋስና በሸለቆው የሚወርዱ ወንዞች ሸክላውን ከሥር ሲሸረሽሩት፣ ከላይ ያለው ድንጋይ እየተሰነጠቀ ወደ ገደሉ ይናዳል፤ ከድንጋዩ ጋርም ቤቶች አብረው ይሄዳሉ።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1695 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን ጎዳት። ከዚያ በኋላ የጳጳሱ መንበርና የከተማው አስተዳደር በአቅራቢያው ወዳለው፣ ዛሬ ባኞሬጆ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወሩ። ሕዝቡም በየዘመኑ ጥቂት በጥቂት ተከተለ። የባኞሬጆ ተወላጅ የነበረው ደራሲ ቦናቬንቱራ ቴኪ (1896–1968) ከተማይቱን «የምትሞተው ከተማ» ብሎ ሰይሟታል፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ወደ ቺቪታ መኪና አይገባም። ሰው የሚሻገረው በ1965 በተሠራው፣ 300 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የእግረኛ ድልድይ ነው። በአደባባይዋ መካከል የቅዱስ ዶናቶ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ቀድሞ ካቴድራል የነበረችው ይህች ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የእንጨት መስቀል ታኖራለች፤ መስቀሉም በዕለተ ስቅለት በባኞሬጆ በሚደረገው ዑደት በምእመናን ትከሻ ላይ ይውላል። ዓመቱን ሙሉ በቺቪታ የሚኖሩት ሰዎች በቅርብ ዓመታት ከሃያ እንደማይበልጡ ይነገራል። በ2010 አካባቢ በዓመት የሚመጡት ጎብኚዎች 40,000 ያህል ነበሩ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ቁጥሩ ከ800,000 አልፏል። በ2013 ማዘጋጃ ቤቱ በድልድዩ ለሚሻገር ጎብኚ አንድ ዩሮ ከሃምሳ ሳንቲም የመግቢያ ዋጋ ወሰነ፤ በኋላም ክፍያው ወደ አምስት ዩሮ ከፍ ብሏል።

እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። ሃያ የማይሞሉ ሰዎች የሚኖሩባት መንደር በዓመት ከስምንት መቶ ሺህ በላይ እንግዶችን ታስተናግዳለች። ከእነዚህ እንግዶች አብዛኞቹ የመጡበትን ምክንያት ቢጠየቁ «ጸጥታዋን ሰምተን» ብለው እንደሚመልሱ አያጠራጥርም።

የማን ጸጥታ ነው?

ይህ ጸሐፊ በአንድ የሥራ ቀን ማለዳ ድልድዩን ተሻግሮ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚሰማው የእግር ኮቴና የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በደጃፋቸው ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር፤ ሰላምታ ሲቀርብላቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው መለሱ። ረፋድ ላይ አንድ ቡድን መጣ። ከመካከላቸው አንዱ ሰላም እንኳ ሳይል ካሜራውን ከፊታቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ደቅኖ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። እናቲቱ አልተቆጡም፤ አልተናገሩምም። ሳህናቸውን አንሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉ። ሰውዬው ደግሞ የተዘጋውን በር ፎቶግራፍ አንሥቶ አለፈ።

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል። የመግቢያውንም ዋጋ ከፍሏል። ጥፋቱ የሚታየው የከፈለው ለምን እንደሆነ ባለማስተዋሉ ላይ ነው። ያ ገንዘብ የድልድዩን መሻገሪያና የመንገዱን መጠገኛ ይከፍላል እንጂ የአንዲትን እናት ፊት አይገዛም። በዚህ ነጥብ ላይ ዋጋና ዕዳ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይታያል። ዋጋ በገንዘብ ይከፈላል፤ ሲከፈልም ያልቃል። ዕዳ ግን ለሰውነት የሚገባ ነገር ስለሆነ በአክብሮት እንጂ በገንዘብ አይከፈልም። ዋጋውን የከፈለ ሰው ዕዳውንም የከፈለ ሲመስለው፣ ከተማው ለእርሱ ትርኢት፣ ነዋሪው ደግሞ የትርኢቱ ጌጥ ይሆናል።

ከዚህ የጠለቀ ሌላ ነገርም አለ። መንገደኛው በቺቪታ የሚያደንቀው ጸጥታ ከየት መጣ? በከፊል ከነዋሪዎቹ ትሕትናና ከአኗኗራቸው መምጣቱ እርግጥ ነው። በከፊል ግን የመጣው ከኀዘን ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሱት ቤቶች፣ ከገደሉ ከተናዱት መንገዶች፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ከሄዱትና ካልተመለሱት ወጣቶች የመጣ ጸጥታ ነው። ልጆች በማይጫወቱበት አደባባይ ጸጥታ መኖሩ ምን ያስደንቃል? መንገደኛው «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» ሲል፣ የአገሩ ሰው «እንዴት ያለ ባዶነት ነው!» ይል ይሆናል። ታዲያ በሌሎች ማጣት መደሰት ተገቢ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተቻኮሉ መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው «እንዲህ ከሆነ ባይሄዱ ይሻላል» የሚለው ነው። ይህ መልስ ጽድቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎብኚ ባይኖር ኖሮ ቺቪታ ዛሬ ከነበረችበት ይልቅ ለመፍረስ የቀረበች ትሆን ነበር። ከመግቢያው የሚገኘው ገቢ ለከተማይቱ ጥበቃ ይውላል፤ በአካባቢው ላሉ ወጣቶችም ሥራ ፈጥሯል። ሁለተኛው መልስ «እንግዲያውስ ጎብኚው ባለ ውለታ ነው፤ የወደደውን ያድርግ» የሚል ነው። ይህም ስሕተት ነው፤ ረሀብተኛን ያበላ ሰው በረሀብተኛው ላይ ጌታ አይሆንምና። እውነተኛው መልስ በሁለቱ መካከል መፈለግ አለበት፤ እርሱም «ይሂድ፤ ግን እንደ እንግዳ ይሂድ» የሚለው ነው።

እንግዳና ተመልካች

በእኛ ባህል እንግዳ ትልቅ ስም ነው። «የመሸበት እንግዳ» ሲባል በር የማይከፍት ሰው በጎረቤቶቹ ዘንድ ነውረኛ ይባል ነበር። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ያስተናገዳቸውን ሦስት ሰዎች ታሪክ ማን ያላወቀ አለ? ይሁን እንጂ ስለ አስተናጋጁ ግዴታ ብዙ ስንሰብክ ስለ እንግዳው ግዴታ የምንናገረው ጥቂት ነው። አብርሃምን ስናመሰግን፣ እንግዶቹም የቀረበላቸውን እንደ በሉና ለቤቱ በረከት ትተው እንደ ሄዱ እንዘነጋለን።

ቅዱስ ቤነዲክቶስ በስድስተኛው ምእተ ዓመት ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት በምዕራፍ 53 ወደ ገዳም የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ እንዲቀበሉት ያዛል። በምዕራፍ 61 ደግሞ ከሩቅ አገር ስለሚመጣ እንግዳ መነኩሴ ይናገራል። እንግዳው በስፍራው ልማድ ረክቶ ቢኖር፣ ያልተገባ ነገር በመጠየቅ ገዳሙን ካላወከ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይቆይ ይላል። ጨምሮም፣ ይህ እንግዳ በትሕትናና በፍቅር አንዳች ጉድለት ቢያመለክት፣ አበምኔቱ ምናልባት ጌታ የላከው ስለዚሁ ይሆናልና በጥንቃቄ እንዲመረምረው ያሳስባል። እነዚህ ሁለት ምዕራፎች አብረው ሲነበቡ ሙሉ ትምህርት ይሰጣሉ። ባለቤቱ እንግዳውን እንደ ክርስቶስ ይቀበለዋል፤ እንግዳውም ቤቱን እንደ ራሱ ንብረት አይቆጥርም። እንግዳ ሲሆን ይሰጣል፤ ይቀበላልም። ተመልካች ሲሆን ግን ይወስዳል እንጂ የሚሰጠውም ሆነ የሚቀበለው የለም።

በዚህ ረገድ የቺቪታ ታላቅ ልጅ ራሱ መምህራችን ሊሆን ይችላል። ቅዱስ ቦናቬንቱራ በዚህች ከተማ የተወለደው በ1217 ገደማ ነው። በልጅነቱ በጽኑ ታምሞ ሳለ እናቱ ለቅዱስ ፍራንቸስኮስ ስለ ተሳለችለት ከሞት እንደ ዳነ ራሱ ጽፏል። በ1257 የፍራንቸስካውያን ማኅበር ጠቅላይ አለቃ ሆነ፤ በ1274 በሊዮን ጉባኤ ላይ ሳለ ዐረፈ። ተወልዶ ያደገበት ቤት ዛሬ የለም፤ ከገደሉ ጫፍ ጋር አብሮ ተንዷል።

ይህ ቅዱስ በ1259፣ የማኅበሩ ጭንቀት በበዛበት ወራት፣ ሰላምን ፈልጎ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ የክርስቶስን ቁስል ወደ ተቀበለበት ወደ ላ ቬርና ተራራ ወጣ። «የአእምሮ ጉዞ ወደ እግዚአብሔር» የተባለውን መጽሐፉን ያሰበው በዚያ ነው። እርሱም ስለዚህ ጸጥታን ፍለጋ ወደ ሌላ ስፍራ የሄደ መንገደኛ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ጸጥታውን የግሉ አድርጎ አልያዘውም። ፍጥረታት ሁሉ የፈጣሪያቸው ፈለግ እንደሆኑ፣ ፈለጉን አይቶ ባለፈለጉን ያልፈለገ ሰው በመንገድ እንደ ቀረ አስተማረ፤ ከተራራውም ወርዶ ወደ ወንድሞቹ ጭንቀት ተመለሰ። ጸጥታ ሰውን ወደ ባልንጀራው መልሶ ካልላከው፣ በለሰለሰ ስም የተጠራ ራስ ወዳድነት ይሆናል።

ለመንገደኛ የሚገባ

ከዚህ በላይ የተባለው ወደ ተግባር ሲወርድ ከባድ አይደለም። መንገደኛ ወደ ትንሽ ከተማ ከመግባቱ በፊት ታሪኳን ጥቂት ይወቅ፤ የሚያደንቀው ጸጥታ በምን ዋጋ እንደ መጣ ያስተውል። በአገሩ ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታና ምስጋና ይማር። ሰውን ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ያስፈቅድ፤ እምቢ ቢሉት ይተው። አንድ ሰዓት ብቻ ሮጦ ከሚመለስ፣ ቢቻለው አንድ ሌሊት ይደር፤ ዳቦውን ከመንደሩ ይግዛ። በበዓል ሰሞን ከሚጨናነቅ በሌላ ወራት ይሂድ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ለመጸለይ የተቀመጡ እንዳሉ ያስብ፤ እምነቱ ሌላ ቢሆን እንኳ ድምፁን ዝቅ ያድርግ። እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ናቸው፤ የአንድ ሰው ጥፋት ትንሽ ቢሆንም ስምንት መቶ ሺህ ጊዜ ሲደገም ግን ከተማን ያጠፋል። ሕሊና የሚፈተነው «እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ይህንኑ ይላልና።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። ከመካከላችን በባሕር ማዶ የሚኖሩ ብዙዎች በክረምት ወራት ወደ ተወለዱበት መንደር ይመለሳሉ። የአያታቸውን ጎጆ፣ ምንጩን፣ የደብሩን ዋርካ ያያሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ «እዚህ እንዴት ጸጥ ይላል!» ይላሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ያ ጸጥታ ወጣቶቹ ከተማ ከወረዱበት፣ አሮጊቶቹ ብቻቸውን ከቀሩበት ጊዜ ጀምሮ የመጣ እንደሆነ ያስተዋለ ስንቱ ነው? ሰው በገዛ መንደሩ እንኳ ተመልካች ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንደ እንግዳ፣ ይልቁንም እንደ ልጅ መምጣት ማለት የቀሩትን በስማቸው ጠርቶ፣ አብሮ ቁጭ ብሎ፣ የጎደላቸውን ጠይቆ መሄድ ነው።

የቺቪታ ድንጋይ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይናዳል፤ መሐንዲሶች ይደግፉታል እንጂ ፈጽመው ሊያቆሙት አልቻሉም። ይህን የተፈጥሮ ጥፋት መንገደኛ ሊያስቀረው አይችልም። በደጃፏ ባቄላ የምትፈለፍል እናት በሯን እንዳትዘጋ ማድረግ ግን ይችላል፤ ለዚህም ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ቆም ብሎ ሰላምታ መስጠት ይበቃዋል።