ከአስፋልቱ ላይ የቀረው ጎማ

የሮለር ስኪዬ (በአስፋልት ላይ የሚነዳው ባለ ጎማ ስኪ) ጎማዎች የሚያልቁት በውስጥ ጎናቸው ነው። ወደ ጎን ስገፋ ስኪው ይጋደማል፤ ክብደቴም ጠርዙ ላይ ያርፋል። ስዊድን ውስጥ በረዶ በሌለበት ወራት በአስፋልት ላይ ስነዳው ከርሜ ስፈታው፣ 100 ሚሊ ሜትር የነበረው ክብ የሞሰብ ክዳን መስሎ ሾጥጧል። (ሐበሻን ከስኪ ጋር ምን አገናኘው ለሚል፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሮቤል ተክለማርያም፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የተለማመደው በሮለር ስኪ ነው።)

እናቴ በስልክ “አዲስ አይሸጥም እንዴ ልጄ?” ትለኛለች። ይሸጣል፣ እማዬ። እኔ ግን ማደስ እወዳለሁ።

የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ማዘዋወር ለጊዜው ያቆየዋል። ቶርኖ ላይ ማስላጥም ይቻላል፤ ግን ጎማው ክብ የሚሆነው ጤነኛው ወገን በተበላው ልክ ሲቆረጥ ነው። ይህን ዓይነት ንስሐ የሚወዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንድ ኃጢአት ለማቃናት ደስታቸውን ሁሉ ይልጣሉ። እኔ የመረጥኩት ከባዱን ነው፦ ኩሽኔታውን አውጥቼ፣ አሮጌውን ጎማ ከቸርኬው ላይ ልጬ፣ ቸርኬውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬና በአልኮል ጠርጌ፣ ሁለቱን የፖሊዩሬቴን ፈሳሾች በሚዛን ለክቼ ፎርማ ውስጥ አፈስሳለሁ። እርጥበት ከነካው አረፋ ይሞላዋል። አንዴ ከጠነከረ ደግሞ ቀልጦ አይመለስም። ስለዚህ የተላጠው ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ በጉዞ ያለቀውም በየአስፋልቱ ብናኝ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ብናኝ አንድ የቆየ ጥያቄ ያስታውሰኛል፦ በትንሣኤ ሙታን የሚነሣው ሥጋ የቱ ነው? የሥነ መለኮት ሊቁ አውግስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዘመን፣ በ“የእግዚአብሔር ከተማ” 22ኛ መጽሐፍ፣ የተበላሸ ሐውልት አቅልጦ ከዚያው ነሐስ ያለ ጉድለት የሚሠራ ባለሙያን ምሳሌ አድርጎ መልሷል፤ ከቁሱ ምንም አይጠፋም፣ የሚወገደው ጉድለቱ ነው። ምሳሌው ለነሐስ ያምራል። የኔ ጎማ ግን አይቀልጥም፤ ያለቀውንም ማን ይሰበስበዋል? ቸርኬው ያው ሆኖ አዲስ ጎማ ማልበስ ትንሣኤ ይባላል ወይስ ምትክ?

ይህን ለንስሐ አባቴ ባወራላቸው ሳቁ። “ብናኙን የፈጠረው አምላክ አድራሻው አይጠፋውም” አሉኝ። “ይልቅ ቶማስ የችንካሩን ምልክት መቼ ነው ያየው? ከትንሣኤ በኋላ አይደለም?”

ለካ አውግስጢኖስም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰማዕታት ቁስል ያነሣል፤ ምልክቱ በትንሣኤ ሥጋቸው ላይ ቢታይ ክብር እንጂ ነውር አይሆንም ይላል። ስለዚህ እድሳት ሁሉንም አይደመስስም። ከዚያ ወዲህ የሚያስጨንቀኝ የጠፋው ቁስ ሳይሆን ቅርጹ ነው። የቀኝ ጎማዬ ከግራው ይበልጥ ይበላል፤ ግራ እግሬ ስለሚለግም ነው። ይህ የሰማዕት ቁስል አይደለም። ግን ጎማው ላይ ስንፍናዬም፣ ዳገት ላይ ያሳየሁት ጽናትም በአንድ መፋቅ ነው የተጻፉት፤ አንዱን ትቼ ሌላውን ልላጥ ብል ቢላዬ አይለያቸውም። ፍርድ የምንለው ምናልባት ይህን መለየት ይሆናል፤ የትኛው ጠባሳ እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚሻር።

“አባ፣ እንዲህ ብል ስህተት ይሆንብኛል?” አልኳቸው።

“አይሆንም” አሉ። “ግራ እግርህን ግን አሠራው።”