አደጋ ይወረሳልን?

አባት ለልጁ የሚያወርሰው መሬትና ቤት ብቻ አይደለም፤ የሚወድደውን ነገርና የሚወድድበትን መንገድም ያወርሰዋል። ሕፃን ልጅ አንድን ነገር መልካም ነው ብሎ የሚቀበለው ምክንያቱን መርምሮ ሳይሆን አባቱ ሲደሰትበት አይቶ ነው። የወላጅነት ኀላፊነት የሚከብደውም ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ አባት የሚወድደው ነገር ለሞት የሚያደርስ ሲሆን ለልጁ ማውረስ ይገባዋልን? ጥያቄው ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀርብን፣ በተራራ መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት መንዳትን የቤተ ሰብ ወግ ያደረገ አንድ የታወቀ ቤት እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማን ደሴት በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ትገኛለች። ቱሪስት ትሮፊ የተባለው የሞተር ብስክሌት ውድድር በዚያ በ1907 ተጀመረ፤ ከ1911 ጀምሮም 621 ሜትር ከፍታ ባለው በስኔፈል ተራራ ትከሻ ላይ በሚያልፈው መንገድ ሲካሄድ ኖሯል። አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ለውድድር ተብሎ የተሠራ ሳይሆን ሕዝብ በየዕለቱ የሚመላለስበት፣ የድንጋይ አጥር፣ ዛፍና የመኖሪያ ቤት ግድግዳ ግራና ቀኝ የቆሙበት ነው። ፈጣኖቹ ተወዳዳሪዎች ይህን ዙር በሰዓት በአማካይ ከ210 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ይጨርሱታል። በዚሁ መንገድ እስከ ዛሬ ከ250 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። በ2022 በአንድ ሞተር ላይ አብረው ይወዳደሩ የነበሩ አባትና ልጅ በአንድ አደጋ ሕይወታቸው አልፏል።

በዚህ ተራራ ስሙ ከሁሉ ጎልቶ የሚነሣው በሰሜን አየርላንድ ከባሊመኒ ከተማ የወጣው የደንሎፕ ቤተ ሰብ ነው። ታላቁ ወንድም ጆይ ከ1977 እስከ 2000 ድረስ 26 ጊዜ አሸነፈ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ድሎች ካገኘ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ግን በኢስቶንያ ከተማ በታሊን ሲወዳደር ሞተ። ወንድሙ ሮበርት በ2008 በአገሩ ለውድድር ሲለማመድ ሞተ። በሁለተኛው ቀን ልጁ ማይክል በዚያው ስፍራ ተወዳድሮ አሸነፈ። ሌላው ልጁ ዊልያም በ2018 በደብሊን አቅራቢያ ሞተ። ማይክል ግን አላቆመም፤ በ2024 የአጎቱን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2025ም የድሎቹን ቁጥር 33 አደረሰ። በዚህ ቤት አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ ሌላይቱም የልጆቿን አባትና አንድ ልጇን ቀብረዋል።

ይህን የሰማ ሰው ለፍርድ ይቸኩል ይሆናል። ሆኖም ስለዚህ ወግ የሚሟገቱ ሰዎች የሚናገሩት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አደጋውን ዐውቆ በፈቃዱ ይገባበታል ይላሉ። ሥራው ትጋትን፣ ንቁ ኅሊናን፣ የመንገዱን እያንዳንዱን ጠመዝማዛ በቃል ማጥናትን ይጠይቃል። አባትና ልጅ በአንድ ጋራዥ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸው በዘይት ተነክሮ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ሲማር ያመሻሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ደግሞም ጆይ ደንሎፕ ምግብና ልብስ በመኪና ጭኖ፣ ራሱ እየነዳ፣ በሩማንያ፣ በአልባንያና በቦስንያ ለነበሩ ችግረኞችና ወላጅ አልባ ሕፃናት ያደርስ ነበር። ስለዚህም በጎ ሥራው በ1996 የመንግሥት ኒሻን ተሸልሟል። ፍጥነትን የሚወድድ ሁሉ ራሱን ብቻ የሚወድድ ነው እንዳንል የዚህ ሰው ሕይወት ይከለክለናል።

ታዲያ ጥያቄው የት ላይ ነው? በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር ምክንያት የራሱንና የሌላውን ሰው ደኅንነት በመንገድ ላይ አደጋ ውስጥ የሚጥል ሰው በብርቱ እንደሚበድል ያስተምራል። ይህ ማለት ግን አደጋ ያለበት ነገር ሁሉ ኀጢአት ነው ማለት አይደለም። ዓሣ አጥማጅ ለልጆቹ እንጀራ ሲል ወደ ማዕበል ይገባል፤ ሐኪም ተላላፊ በሽታ ወዳለበት ቤት ይገባል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ብርታትን ከታላላቆቹ ምግባራት አንዱ አድርጎ ሲያስተምር፣ ዋና ሥራው አደጋ ላይ መዝመት ሳይሆን ስለ በጎ ነገር መከራን ታግሦ መጽናት መሆኑን ያስረዳል፤ ልክ የሌለው ድፍረትንም ከብርታት ተቃራኒዎች መካከል ይቈጥረዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው «አደጋ አለበትን?» ብቻ አይደለም፤ «ስለ ምን? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?» የሚል ጭምር ነው። የሞተ ሰው ዋጋውን አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ሚስትና እናት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ይከፍሉታል።

መመለስም ብርታት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ በዚያው ተራራ ይገኛል። 15 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኢጣሊያዊው ጃኮሞ አጎስቲኒ በማን ደሴት 10 ጊዜ አሸንፏል። በ1972 ወዳጁ ጂልበርቶ ፓርሎቲ በዚያ መንገድ ሲሞት ግን፣ አጎስቲኒ ዳግመኛ በዚያ እንደማይወዳደር አስታወቀ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ከዚያም በኋላ በሌሎች ስፍራዎች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፈሪ ብሎ ሊጠራው የሚደፍር ማን ነው? ከ1976 በኋላም ያ ውድድር ከዓለም ሻምፒዮና ዝርዝር ወጣ።

እንዲህ ያለ እምቢታ ለአጎስቲኒ ከብዶት ይሆናል። ሞተሩ የአባት፣ ድሉ የአጎት፣ መቃብሩም የወንድም በሆነበት ቤት ለተወለደ ልጅ ግን እጅግ ይከብዳል። በፈቃዱ ገባበት ስንል፣ ፈቃዱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በማን እጅ እንደ ተቀረጸም ማሰብ ይገባናል። አባቱ በሞተ በሁለተኛው ቀን በሞተር ላይ የተቀመጠ ወጣት ልቡ ውስጥ ፍቅር፣ ኀዘን ወይም ግዴታ ይኑር፣ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኛም በእርሱ ላይ አንፈርድም። ነገር ግን ስለ ወግ ራሱ አንድ መለኪያ ልናቀርብ እንችላለን። የቤተ ሰብ ወግ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው ወጉን በተከተለው ልጅ ክብር ሳይሆን፣ «እኔስ ይቅርብኝ» ባለው ልጅ ክብር ነው። እምቢ ያለው ልጅ በማዕዱ ዙሪያ እንደ ወንድሞቹ እኩል የሚወደድና የሚከበር ከሆነ፣ ያ ወግ ስጦታ ነው። የሚናቅ፣ የሚፌዝበት ወይም የአባቱን ስም እንዳሳነሰ የሚቈጠር ከሆነ ግን፣ ያ ወግ ልጅን ለአባት ስም መሥዋዕት ማቅረብ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ መለኪያ ለሩቅ ደሴት ሰዎች ብቻ አይደለም። በየመንገዳችን ልጁን ያለ ሄልሜት ከፊቱ አስቀምጦ ሞተር የሚነዳ አባት እናያለን። ልጁ በዚያች ሰዓት ከአባቱ ሁለት ነገር ይማራል፤ የነፋሱን ደስታና ለሕይወት ግድ ማጣትን። ደስታውን ማውረስ መልካም ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም አባት ሊያወርስ አይገባውም፤ ልጁ ይህን ሊመርጥም ሊተውም በማይችልበት ዕድሜ ላይ ነውና።

መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስም ወላጆችን በምትሰበስቡበት ጊዜ ይህን አንድ ጥያቄ ብታቀርቡላቸው ይጠቅማል፤ «በቤታችሁ ልጃችሁ እምቢ ቢላችሁ የምታፍሩበት ነገር የትኛው ነው?» እያንዳንዱ ወላጅ መልሱን በኅሊናው ፊት ይስጥ። ምናልባትም ልጁን ሳያስበው ያሰረበትን ገመድ የሚያገኘው በዚያ መልስ ውስጥ ነው።