ግመሏ የተቀደመች ዕለት

ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ፣ በነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አውርዳችሁ ስታበቁ ይህችን በእርጋታ አንብቧት።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሚንበር ላይ ብዙም አይነሳም። መስጂድ ደጃፍ ላይ ግን በየሳምንቱ ይነሳል። ቅዳሜ ከዒሻ ሶላት በኋላ ወጣቶቻችን ጫማቸውን እያጠለቁ «ማንቼ ስንት ለስንት ወጣ?» ይባባላሉ። የማንቼ ደጋፊ የሆነው ልጅ አይመልስም። እጁን ያወናጭፍና ይሄዳል። ድሮ ቡድኑ ሲሸነፍ ይከራከር ነበር፤ ዳኛውን ያማርር፣ አሰልጣኙን ይወቅስ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። ንዴት ቢሆን ጉልበት አለው። ይህ ግን ድካም ነው።

ሰው ባልሮጠበት ሜዳ እንዴት ይደክማል? ረግጦት በማያውቀው አገር ላለ ቡድን ብሎ ቀልቡ መዛሉስ ነውር ነው ወይ? «ዱንያ ነው፣ ተወው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ግን እንዲህ ብለን የዘጋንበት ልጅ በሩ ተዘጋበት እንጂ ድካሙ አልወጣለትም። ስለዚህ እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንችስተር ዩናይትድን እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2013 አሠልጥነዋል። በዚያ ዘመን ክለቡ 13 ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። የመጨረሻው በእኛ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. የተገኘው ነው፤ የክለቡን የሊግ ዋንጫ በጠቅላላው 20 አደረሰው። የእኛ ዕድሜ ሰው ቡድን የመረጠው በዚያ ዘመን ነው። ነፋስ መውጫም ሆነ ወገዳ፣ አርብ ገበያም ሆነ መካነ ኢየሱስ ያደገ ልጅ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ቀይ ማልያ ፈልጎ ሲለብስ ስለ ማንችስተር ከተማ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የመረጠው ማሸነፍን ነው። ልጅ ደግሞ በዚህ አይፈረድበትም።

ከዚያ ፈርጉሰን ሄዱ። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ሰባተኛ ሆነ። ሞየስ መጣ፣ ሄደ። ቫን ሃል መጣ፣ ሄደ። ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሊቨርፑል 7 ለ 0 አሸነፋቸው። በ2024/25 የውድድር ዘመን ሊጉን 15ኛ ሆነው ጨረሱ፤ በዚያው ግንቦት ቢልባኦ ላይ የዩሮፓ ሊግን ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፉ። እንዲህም ሆኖ በመካከሉ ዋንጫ ጨርሶ አላጡም፤ የኤፍኤ ዋንጫም፣ የሊግ ካፕም፣ የዩሮፓ ሊግም አንስተዋል። ለደጋፊው የከበደውም ይህ ነው። ቡድኑ አንድ ጊዜ ወድቆ ቢቀር ልቡ ቆርጦ ያርፍ ነበር። እዚህ ግን አዲስ አሠልጣኝ በመጣ ቁጥር አዲስ ተስፋ ይወለዳል፤ ሁለት ጨዋታ ይሸነፍና ያ ተስፋ ይቀበራል። ስድስት ጊዜ ተስፋ ወልዶ ስድስት ጊዜ የቀበረ ሰው ቢደክም ምን ይገርማል?

አሁን ደግሞ የጉናን አካባቢ ገበሬ አስቡት። ገብሱ ሊደርስለት ሲል በረዶ ይወርድበታል። የዓመት ልፋቱ በግማሽ ሰዓት ከመሬት ይለጠፋል። ያዝናል፤ ማሳው ዳር ቆሞ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። በማግስቱ ግን ከብቶቹን በተመታው ገብስ ላይ ያሰማራል፤ የተረፈ ዛላ ካለ ይለቅማል፤ ለዘር የሚበደርበትን ቤት ያስባል። ቆላ ያለው ደግሞ ጥቁር አፈሩ እርጥበት ከያዘለት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። የእሱ ጉዳት ከኳስ ሽንፈት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ያ ገበሬ እንደ ማንቼ ደጋፊው ዓይነት ድካም ሲደክም አናይም። ኀዘኑ ሥራ ሰጥቶታል።

ደጋፊው እሑድ ጠዋት ሲነሳ በዚያ ኀዘኑ ላይ የሚሠራው ነገር የለውም። ተጫዋች አይገዛም፣ አሠልጣኝ አይቀይርም፣ ሜዳ ገብቶ አይሮጥም። ያለው ሥራ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ መጠበቅ ብቻ ነው። ወንድሞቼ፣ ሰውን የሚያደክመው የኀዘን ትልቅነት ብቻ አይደለም። ሥራ የሌለበት ኀዘን ትንሽም ቢሆን ያደክማል።

እዚህ ላይ ቡኻሪ ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ እናስታውስ። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ዐድባእ የምትባል ግመል ነበረቻቸው። በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የገጠር ዐረብ በጎረምሳ ግመል መጣና ቀደማት። ነገሩ ሙስሊሞቹን ከበዳቸው። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ይህን ባወቁ ጊዜ የነገሯቸው የሐሳቡ ጭብጥ ይህ ነው፤ ከዱንያ ነገር ከፍ ብሎ የወጣን ሁሉ መልሶ ዝቅ ማድረግ የአላህ ሐቅ ነው።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ሶሓባዎች ናቸው። ለዲናቸው ሲሉ ንብረታቸውንና ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው። እነሱም ግን የሚወዷት ግመል ስትቀደም ከፋቸው። ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ) «ለግመል እንዲህ ትሆናላችሁ?» ብለው አላሸማቀቋቸውም። ስለዚህ አንተ ወንድሜ፣ ቡድንህ ሲሸነፍ ቅር ቢልህ ኢማንህ ጎደለ ማለት አይደለም። ሰው የሚወደው ነገር ሲወድቅ ይከፋዋል። ተፈጥሮው ነው።

ሁለተኛ፣ ጥፋተኛ አልተፈለገም። ጋላቢዋን አልወቀሱም፣ ግመሏን አልጣሉም፣ የቀደመውን ሰው አላንቋሸሹም። የነገሯቸው የዱንያን ሕግ ነው። እኛ ደግሞ ሽንፈት በመጣ ቁጥር «ዳኛው ባያዳላ ኖሮ፣ እገሌ ባይሸጥ ኖሮ፣ ፈርጉሰን ቢኖሩ ኖሮ» እንላለን። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) በሚጠቅመን ነገር ላይ እንድንበረታ፣ በአላህ እንድንታገዝ፣ እንዳንሰንፍ አዘውናል፤ አንድ ነገር ሲደርስብን ደግሞ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» ከማለት ከልክለውናል፤ ያቺ ቃል የሸይጧንን ሥራ ትከፍታለችና። ሁለቱ በአንድ ሐዲስ መምጣታቸውን አስተውሉ። «ኖሮ» የሚለውን ቃል የሚያባርረው የሚጠቅምን ሥራ መያዝ ነው።

ያ ሕግ በኳስም ሠርቷል፤ ማንቼ ላይ የጀመረ አይደለም። ይኸው ክለብ እ.ኤ.አ. በ1968 የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበር፤ በ1974 ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ስድስት ዓመት ብቻ ነው። የእኛን ቤት ደግሞ እንይ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከዚያ ከፍታ ወርደን ወርደን እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ወደዚያ ውድድር ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን። ፋሲል ከነማም በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ ጎንደሬው ሁሉ ተደስቶ ነበር፤ ቀጣዮቹን ሁለት ዓመታት ግን ዋንጫው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤት ገባ። ከፍታ ላይ ቤት ሠርቶ የኖረ የለም።

ይህን ሁሉ የማንቼ ደጋፊው አያውቀውም አትበሉኝ። ያውቃል። ታዲያ ለምን እንዲህ ከበደው?

እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያለ ወጣት ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ጦርነት ገብቶባታል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ የኳስ ውጤት ሳይቀር ከሰው አፍ የሚሰማበት ጊዜ ነበር። ተምሮ ሥራ ያጣው፣ ነግዶ መንገድ የተዘጋበት፣ ዘመድ የቀበረው ስንት ነው። እንዲህ ለሆነ ልጅ ያ ቀይ ማልያ በሕይወቱ ውስጥ የሚያሸንፍ አንድ ነገር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ተሸንፎ ቅዳሜ ያሸንፍ ነበር። አሁን ቅዳሜም ሄደበት። ስለዚህ የሚያዝነው ለማንቼ ብቻ አይደለም። ጮክ ብሎ ሊያወራው ያልቻለው ሌላ ኀዘን አለው፤ ኳሱ ስም ሆኖለት ነው። «ለኳስ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆነው?» ብለን ስንስቅበት ያንን ሌላውንም አብረን እየሳቅንበት ሊሆን ይችላል። የአርሰናልና የሊቨርፑል ደጋፊ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ብሽሽቁ በልክ ይሁን። የጓደኛችሁ ፊት ከጠቆረ ስለ ኳሱ ትታችሁ ስለ ቤቱ ጠይቁት።

ግን ለደጋፊውም የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ ክብርህን የተበደርከው ከማያውቅህ ሰው ነው። የተበደሩት ክብር ሲመለስ ባዶ እጅ ያስቀራል። «የከፋ ቀን ሲመጣ ቡድን አይከዳም» ትላለህ፤ ታማኝነት በእርግጥ መልካም ጠባይ ነው፤ ዲናችንም ወፋን ያዘናል። ነገር ግን ታማኝነት እንደ ገንዘብ ነው፤ አንድ ቦታ ሲወጣ ሌላ ቦታ ይጎድላል። አንተ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ብትቀር ኦልድ ትራፎርድ ላይ ማንም አይፈልግህም። ገጠር ያለችው እናትህ ግን ሳትደውልላት ሦስት ሳምንት ቢያልፍ ታውቀዋለች። ከጨዋታው ሰዓት ጋር የተጋጨው መግሪብ ቢያልፍህ ይጻፋል። የምታጎድለውን የሚያውቅ ያለበት ቦታ ላይ ነው ታማኝነት ዕዳ የሚሆነው።

ሽንፈቱን በገንዘብ ለማካካስ ብለህ ቤቲንግ ቤት የገባህ ካለህ ደግሞ ውጣ። ቁማር ሐራም መሆኑን ታውቃለህ። ከዚያም በላይ፣ ቤቲንግ በኀዘንህ ላይ ሥራ የያዝክ ያስመስልሃል እንጂ ሥራ አይደለም። እንዲያውም መጠበቁን በዕዳ ያበዛብሃል።

እንግዲህ ማንቼን ተው ልልህ ነው? አይደለም። ማንን እንደምደግፍም አልነግራችሁም፤ ቀጣዩን ጁሙዓ በሰላም ልስበክ። የምለው፣ ኳሱ ወደ ስሙ ይመለስ ነው። በአማርኛችን ኳስም ጨዋታ ነው፤ ቡና ተፈልቶ የሚወራውም ጨዋታ ነው። አንዱ ከሌላው አይለይም። ያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ሹፌሩና ተማሪው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሲያወሩ ያመሹት ጨዋታ 15ኛ አልወጣም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በእርግጥ የራስህ የነበረው እሱ ነው፤ ዋንጫው ግን የሌላ ሰው ነበር።

ለኀዘንህም ሥራ ስጠው። አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ችግኝ በእጁ የያዘ ሰው ቂያማ ቢቆምበት እንኳ መትከል ከቻለ እንዲተክለው አዘዋል። ፍሬውን አያየውም፣ ጥላው ሥር አይቀመጥም፤ ግን እጁ ላይ ያለው እሱ ነው። ያንተ ችግኝ ምንድን ነው? ሰፈርህ ውስጥ በጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ አንድ ከሰዓት ሰብስበህ አጫውታቸው፤ ድንጋዩን ከሜዳው ልቀምላቸው። ኳስን ከወደድክ ፍቅርህ የሚሠራበት ቦታ እዚያ ነው። የእነሱ ቡድን ሲሸነፍ ታዝናለህ፤ በማግስቱ ግን የምታደርገው ነገር ይኖርሃል። እንደ ገበሬው ማለት ነው።

ቅዳሜ ቡድንህ ቢያሸንፍ ደስ ይበልህ፤ አልሐምዱ ሊላህ በል። ቢሸነፍም ዐድባእን አስታውስ፤ ያቺን የመሰለች ግመል ተቀድማለች፤ የእሷ ባለቤትም ከፍጡር ሁሉ በላጩ ነበሩ። ከዚያ ተነስ፣ ዒሻህን ስገድ፣ ለእናትህ ደውል።

አላህ (ሱ.ወ) ያዘነውን ወጣታችንን ሁሉ ያጽናናልን። በእጃችን ላለው ነገር ብርታትን፣ ከእጃችን ውጭ ላለው ደግሞ ሶብርን ይስጠን። ለአገራችን ሰላም፣ ለገበሬያችን በረካ ያለው ዝናብ ያውርድልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።